የሊዝ ዘመንና የምላሽ ዕድሜ፦ በተቋማት የስምና የአድራሻ አገልግሎት ውስጥ ቸል የተባሉ የጊዜ ውሳኔዎች

በአንድ ተቋም ኔትዎርክ ላይ የሚገባ ማንኛውም መሣሪያ ሥራውን የሚጀምረው በሁለት አገልግሎቶች ተደግፎ ነው። ዲኤችሲፒ የአይፒ አድራሻ ይሰጠዋል፤ ዲኤንኤስ ደግሞ ሰዎች የሚያውቁትን ስም ወደ አድራሻ ይፈታለታል። የዲኤንኤስ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1987 በአርኤፍሲ 1034 እና 1035፣ የዲኤችሲፒ ደግሞ በ1997 በአርኤፍሲ 2131 ተደንግጓል። እነዚህን አገልግሎቶች ማስተዳደር ሲባል ቶሎ የሚታሰበው የሰርቨርና የሶፍትዌር ምርጫ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ መሰናክሎች የሚመነጩት ሶፍትዌሩ ሲጫን ይዞት ከመጣና ማንም መልሶ ካላየው የጊዜ ልክ ነው።

ዲኤችሲፒ አድራሻን የሚሰጠው በሊዝ ነው፤ ቃሉም ከመሬት አስተዳደር ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በዊንዶውስ ሰርቨር ላይ የሊዙ ዘመን ካልተቀየረ 8 ቀን ነው። ይህ ከጠረጴዛቸው ለማይነሡ የቢሮ ኮምፒዩተሮች ይስማማል፤ ቤተ መጻሕፍትን ለሚያገለግል ዋይፋይ ግን አይሆንም። 24 ቢቱ ለኔትዎርኩ የተመደበ ክፍል ለመሣሪያዎች የሚሆን 254 አድራሻ አለው። ለራውተሩና ለቋሚ መሣሪያዎች ጥቂቱ ተቀንሶ 250 ቀረ እንበል። በየቀኑ 100 አዳዲስ ስልኮች ገብተው ቢወጡ፣ የሚወጣ ስልክ አብዛኛውን ጊዜ አድራሻውን ስለማያስረክብ፣ በሦስተኛው ቀን አዳራሹ ባዶ ሆኖ እንኳ አድራሻው ያልቃል። የተለመደው መፍትሔ አድራሻ መጨመር ነው። ሊዙን ወደ 2 ሰዓት ማሳጠር ግን ያለ ምንም ጭማሪ ችግሩን ያቃልለዋል።

ማሳጠሩም ዋጋ አለው። መሣሪያ ሊዙን ለማደስ የሚጠይቀው በዘመኑ አጋማሽ ላይ ነው። ዲኤችሲፒ ሰርቨሩ ቢወድቅ ባለ 8 ቀን ሊዝ የያዘው ቢያንስ ወደ 4 ቀን ይሠራል፤ ባለ 2 ሰዓቱ ግን 1 ሰዓት ብቻ ሊቀረው ይችላል። መብራት በሚቆራረጥበት ተቋም ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ አጭር ሊዝ ሁለተኛ ሰርቨርን የግድ ያደርጋል። ረጅሙም ቢሆን እንከን አለው፤ የዲኤንኤስ ሰርቨሩ አድራሻ ቢቀየር መሣሪያው እስኪያድስ ድረስ አሮጌውን ሲጠይቅ ይከርማል።

በዲኤንኤስ በኩል ተመሳሳዩን ሚና የሚጫወተው ቲቲኤል ነው፤ ይኸውም አንድ ምላሽ በሌሎች ሰርቨሮች ጊዜያዊ ማከማቻ የሚቆይበት ዕድሜ በሰከንድ ሲለካ ነው። ቲቲኤሉ 86400፣ ማለትም አንድ ቀን የሆነ የኢሜይል ሰርቨር ወደ አዲስ አድራሻ የሚዛወር ከሆነ ልኩን ወደ 300 ዝቅ ማድረግ የሚገባው ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ነው። በዝውውሩ ሰዓት ዝቅ ማድረግ አይጠቅምም፤ አሮጌው ምላሽ ከነአሮጌው ዕድሜው ቀድሞ ተሠራጭቷል። ብዙም የማይታወቀው ደግሞ «የለም» የሚለው ምላሽም በአርኤፍሲ 2308 መሠረት መቀመጡ ነው። ስሙን ከመመዝገቡ በፊት «ይሠራ ይሆን?» ብሎ የሞከረ ባለሙያ፣ ከመዘገበው በኋላም ለተወሰነ ጊዜ «የለም» መባሉ አይቀርም።

ሁለቱ የጊዜ ልኮች ሳይናበቡ ሲቀሩ ጉዳቱ ይከፋል። በዊንዶውስ ዲኤንኤስ ላይ ያረጁ ስሞችን የሚጠርገው ተግባር ካልተከፈተ አይሠራም፤ ተከፍቶም ልኩ ካልተቀየረ የሚጠብቀው 7 ሲደመር 7፣ በጠቅላላው 14 ቀን ነው። ሊዙ በ8 ቀን ካበቃ አድራሻው ለሌላ ይሰጣል፤ የቀድሞው መሣሪያ ራሱ ያስመዘገበው ስም ግን ያንኑ አድራሻ እያመለከተ ይቆያል። የጥገና ባለሙያ በስም ጠርቶ የሌላ ሰው ኮምፒዩተር ላይ ሊገባ ይችላል።

አደጋው ጎልቶ የሚታየው በምርመራ ጊዜ ነው። ከተቋሙ አንድ አድራሻ ጥፋት ተፈጸመ ሲባል ጥያቄው አድራሻው የማን ነው ሳይሆን በዚያች ሰዓት የማን ነበር የሚል ነው። ባለ 2 ሰዓት ሊዝ ባለበት ኔትዎርክ ይህን የሚመልሰው በየጊዜው የተሰጠውን የሚያሳይ የሊዝ መዝገብ ብቻ ነው። አንድሮይድ 10 እና አይኦኤስ 14 ከወጡ ወዲህ ስልኮች ለየዋይፋዩ የተለያየ የማክ አድራሻ ስለሚያሳዩ፣ መዝገቡ ከተጠቃሚው የመግቢያ ስም ጋር ካልተያያዘ ባለቤቱን አያሳውቅም።

በኢትዮጵያ ሌላም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአቤቱታ ላይ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ተብሎ የተጻፈው፣ በዩቲሲ በሚመዘግብ ሰርቨር ላይ ያለፈው ቀን 23:00 ነው። መርማሪው 08:00 ላይ ቢፈልግ በ9 ሰዓት ይስታል፤ በዚያ መካከል አድራሻው አራት ሰው ሊያዳርስ፣ ያላጠፋ ተማሪ ወይም ሠራተኛም ሊከሰስ ይችላል። ስለሆነም የምርመራ ማመልከቻ ቅጹ የሰዓት አቆጣጠሩንና የቀን መቁጠሪያውን ለይቶ መጠየቅ፣ የሁለቱም አገልግሎት ሰርቨሮች ሰዓታቸውን ከአንድ የኤንቲፒ ምንጭ መቅዳት ይኖርባቸዋል።