ስለ እርሻ ሴንሰሮች ተራ አጠባበቅ

በዛሬው ዘመን የመሬቱን እርጥበትና ሙቀት እየለካ ያለ ሽቦ በሬዲዮ ወሬ የሚልክ፤ ሴንሰር የሚባል ትንሽ መሣሪያ በእርሻ ውስጥ ይተከላል። የብዙዎቹንም ወሬ አንድ ተቀባይ መሣሪያ ይሰበስበዋል፤ የመስኖው ኀላፊም ይህን አይቶ ውሀ የሚለቀቅበትን ቀን ይወስናል። እነዚህ ሴንሰሮች በጋራ የሚገለገሉበት የሬዲዮ መንገድ አንድ ነው፤ ባትሪያቸውም የየራሳቸው ቢሆን አንዱ የሌላውን ወሬ ስለሚያስተላልፍ እንደ ጋራ ሀብት ይቈጠራል። ስለዚህ ሁለቱም ሥርዓት ይፈልጋሉ።

መጀመሪያ ስለ መንገዱ ነው። ሁለት ሴንሰሮች ባንድ ጊዜ ቢናገሩ ድምፃቸው ተደባልቆ የሁለቱም ወሬ ይጠፋል። ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቻቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም. በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ አሎሃ የተባለውን የሬዲዮ መረብ ሥራ አስጀመሩ። በዚያ ሥርዓት ማንም በፈቀደው ጊዜ ይናገር ስለ ነበረ፤ መንገዱ ከሚችለው ከመቶ እጅ ቢበዛ 18 እጅ ያህል ብቻ በደኅና እንደሚደርስ በሂሳብ ታወቀ። ጊዜው በእኩል ተከፍሎ ሁሉም በክፍሉ መጀመሪያ ላይ ብቻ ቢናገር ግን እስከ 37 እጅ ይደርሳል። ከዚህ ልክ በላይ ተናጋሪ ሲጨመር የሚደርሰው ወሬ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ስለዚህ ወሬ ጐደለ ብሎ ሴንሰር የሚጨምር ሰው ጉድለቱን ያበዛዋል።

መድኀኒቱ ተራ ነው። የመስኖ ቦይ የጋራ በሆነበት ስፍራ የውሀ አባት ለየገበሬው ቀንና ሰዓት እንደሚመድብ፤ እንደዚሁ ተቀባዩ መሣሪያ ለየሴንሰሩ የመናገሪያ ጊዜ ይመድባል። ሴንሰሩም በተራው ነቅቶ ይናገራል፤ ሲጨርስ ይተኛል። መተኛቱም ታላቅ ጥቅም አለው፤ ሬዲዮው ምንም ሳይመጣለት ነቅቶ ሲያዳምጥ የሚፈጀው ኀይል ወሬ ሲቀበል ከሚፈጀው ጋር ይቀራረባልና። ነገር ግን ያለ ትክክለኛ ሰዓት ተራ አይጠበቅም፤ በሚሊዮን ሰከንድ ውስጥ 40 ሰከንድ የሚስት ሰዓት በአንድ ቀን 3 ሰከንድ ተኩል ያህል ይዛነፋል። ስለዚህ ተቀባዩ ሰዓታቸውን ዘወትር ማስተካከል አለበት።

ሁለተኛ ስለ ሸክሙ ነው። ርቆ የተተከለ ሴንሰር ወሬውን በጎረቤቶቹ በኩል ሲልክ፤ ለተቀባዩ የቀረበው የራሱንም የሌላውንም ይሸከማል፤ ባትሪውም ከሁሉ አስቀድሞ ያልቃል። ያን ጊዜ በስተኋላው ያሉት ባትሪ እያላቸው ድምፃቸው አይደርስም፤ ሰብሉ በውሀ ጥም ሲጠወልግ ኀላፊው ሳይሰማ ይቀራል። ዌንዲ ሃይንዘልማንና ሁለት ባልደረቦቻቸው ሸክሙን ለማካፈል በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. ሊች የተባለውን ሥርዓት አወጡ። በዚህ ሥርዓት ሴንሰሮች በቡድን ይከፈላሉ፤ የቡድኑ አለቃም የጓደኞቹን ወሬ ሰብስቦና አሳጥሮ ለተቀባዩ ይልካል። አለቅነቱ ግን ይዘዋወራል፤ አንድ ጊዜ ያገለገለ ሌሎቹ ተራቸውን እስኪፈጽሙ ድረስ እንደገና አይሾምም። ይህም የሚሠራው ማናቸውም ሴንሰር እስከ ተቀባዩ ድረስ ድምፁ በሚደርስበት እርሻ ነው፤ እርሻው ከዚህ የሰፋ ከሆነ ሁለተኛ ተቀባይ መትከል ይሻላል።

እንግዲህ የእርሻ ሥራ በኀላፊነት የተሰጠው ሁሉ መሣሪያዎቹ ከመገዛታቸው አስቀድሞ ይህን ይጠይቅ፤ ተራውን የሚመድበው ማነው? ሰዓቱን የሚያስተካክለው ማነው? ሸክም የሚበዛበት ሴንሰር የትኛው ነው፤ ባትሪውንስ የሚተካለት ማነው? የዚህ መልስ ሳይታወቅ የተተከለ ሴንሰር ብዛቱ ገንዘብ ከማባከን በቀር ለእርሻው የሚሰጠው ረድኤት የለም።