የአደገኛ ዕቃዎች ጥበቃና የወረዳ አስተዳደር ኀላፊነት
(ደጎሎንና አካባቢዋን መነሻ በማድረግ የቀረበ ጥናት)

«አደገኛ ዕቃ» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የጦር መሣሪያን ወይም በሩቅ አገር የሚገኝ ትልቅ ፋብሪካን ነው። በዚህም ምክንያት ጉዳዩ የእኛን አገር፣ ይልቁንም ገጠሩን፣ የማይመለከት ይመስለናል። ደጎሎን እንውሰድ። ደጎሎ በደቡብ ወሎ የጃማ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የምትታወቀው በመረሬ አፈርዋ፣ በስንዴዋ፣ በጤፍዋና በምስርዋ እንጂ በኬሚካል ፋብሪካ አይደለም። ይሁን እንጂ ከደሴ በወረኢሉ በኩል፣ ከአዲስ አበባም በዓለም ከተማና በወንጭት በኩል በሚመጣው ጭነት ውስጥ ከጨውና ከስኳሩ ጋር የሚያቃጥል፣ የሚመርዝና የሚያፍን ነገር አብሮ ይገባል። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ፦ ይህን የሚቆጣጠር ማነው? ሊቆጣጠርስ የሚገባው ማነው? የሚል ነው።

፩ኛ/ አደገኛ ዕቃ ምንድን ነው?

አደገኛ ዕቃ ማለት በተፈጥሮው ወይም በአያያዙ ጉድለት የሰውን ጤና፣ እንስሳትን፣ አዝመራን፣ ውሃንና ንብረትን ሊጎዳ የሚችል ነገር ነው። ጠባዩ ተቀጣጣይ፣ ፈንጂ፣ መርዛም ወይም አካልን የሚበላ ሊሆን ይችላል። ልብ ማለት የሚገባን ግን አደጋው በዕቃው ብቻ ሳይሆን በብዛቱ፣ በተቀመጠበት ቦታና በያዘው ሰው ዕውቀት የሚወሰን መሆኑን ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን በሞተር ብስክሌት ታንክ ውስጥ አገልጋይ ነው፤ ያው አንድ ሊትር ምድጃ በሚነድበት ሻይ ቤት ጓዳ ውስጥ በውሃ ፕላስቲክ ከተቀመጠ ግን ጠላት ነው።

በእኛ ወረዳዎች ይበልጥ የሚያሠጉት ሦስት ናቸው።

ሀ) ነዳጅ። ማደያ በሌለበት ወይም ነዳጅ በሚጠፋበት ጊዜ ቤንዚን በጀሪካንና በፕላስቲክ ጠርሙስ ይሸጣል። ባጃጁና ሞተር ብስክሌቱ ከበዛ ወዲህ ፈላጊውም በዝቷል። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ስለዚህ ወደ ላይ ወጥቶ አይጠፋም፣ መሬት ለመሬት ተስቦ እሳት ወዳለበት ይሄዳል እንጂ። ከዜሮ በታች ወደ 40 ዲግሪ በሚደርስ ቅዝቃዜ እንኳ ለመቀጣጠል የሚበቃ ትነት ይሰጣል። ነጭ ጋዝ ግን ለዚህ ከ38 ዲግሪ ያላነሰ ሙቀት ይፈልጋል። ነጋዴው ነጭ ጋዙን በቤንዚን ሲደባልቅ በደንበኛው ቤት የሚያስቀምጠው እሳት መሆኑን የሚያሳየው ይኸው ልዩነት ነው። ቤንዚን ሲቀጣጠል ደግሞ በውሃ አይጠፋም፤ በውሃው ላይ ተንሳፍፎ ይስፋፋል። አሸዋ፣ አፈር ወይም የእሳት ማጥፊያ ዱቄት ያስፈልጋል።

ለ) የአረምና የተባይ መድኃኒት። ገበሬው «መድኃኒት» ይለዋል፤ ስሙ ራሱ አዘናጊ ነው። በስንዴና በጤፍ ማሳ የሚረጨው ቱፎርዲ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን አረሞች ይገድላል። ነገር ግን ምስርና ሽምብራም ሰፋፊ ቅጠል ካላቸው ወገን ናቸውና በነፋስ ቀን ቢረጭ የጎረቤትን ምስር ያከስላል። እንዲህ ያለው ጉዳት የኬሚስትሪ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የጎረቤት ጠብና የፍርድ ቤት ጉዳይም ነው። ማላታይንን የመሳሰሉት የነፍሳት መድኃኒቶች ደግሞ በቆዳና በትንፋሽ ገብተው የሰውን ነርቭ ይመርዛሉ። ለዚህ ማርከሻው አትሮፒን ነው፤ በጤና ጣቢያው ከሌለ ግን ማርከሻ መኖሩን ማወቅ ብቻውን አያድንም። ባዶው ጀሪካን ደግሞ ዘይት ወይም ውሃ ሊቀዳበት ወደ ቤት ይመለሳል።

ሐ) የነቀዝ ክኒን። ከሦስቱ ይልቅ እጅግ የሚያስፈራው ይህ ነው። አሉሚኒየም ፎስፋይድ የተባለው ይህ ክኒን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የተባለ ጋዝ ያወጣል። ሦስት ግራም የሚመዝን አንድ ክኒን አንድ ግራም ያህል ጋዝ ይሰጣል። ለዚህ ጋዝ የታወቀ ማርከሻ የለውም። ክኒኑ የተሠራው አየር በማያስገባ መጋዘን፣ በሠለጠነ ሰው እጅ እንዲሠራበት ነው። በእኛ አገር ግን ጎተራውና መኝታው በአንድ ጣሪያ ሥር በሆነበት ቤት ውስጥ ይጨመራል። ነቀዙን ሊገድል የገባው ጋዝ ሕፃናቱ ወደሚተኙበት ይመጣል። ከዚህም ሌላ በብስጭት ሕይወታቸውን ለማጥፋት በሚፈልጉ ወጣቶች እጅ በቀላሉ መግባቱ በአገራችን ሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ሐዘን ነው።

፪ኛ/ ከገዛ አገራችን የተገኘ ትምህርት

ኢትዮጵያ አንበጣንና ተምችን ለመከላከል ከብዙ ዐሥርተ ዓመታት ጀምሮ ፀረ ተባይ ስትገዛና በርዳታ ስትቀበል ኖራለች። ከሚፈለገው በላይ ስለ መጣ፣ ወይም ተባዩ ካለፈ በኋላ ስለ ደረሰ፣ ወይም ጽሑፉ ገበሬውም የመጋዘን ጠባቂውም በማያውቁት ቋንቋ ስለ ነበረ ብዙው ሳይሠራበት ቀረ። አብዛኛው ፀረ ተባይ በደኅና መጋዘን የሚቆየው ሁለት ዓመት ያህል ነው። በየአውራጃውና በየወረዳው መጋዘን የተከማቸው በርሜል ግን ዝጎ፣ ተቦርቡሮ፣ መርዙ ወደ መሬት እስኪፈስ ድረስ ቆየ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ርዳታ ወደ 1500 ቶን የሚሆን ያረጀ ፀረ ተባይ ተለቅሞና ታሽጎ በልዩ ምድጃ እንዲቃጠል ወደ ፊንላንድ ተላከ። አገራችን መርዙን አቃጥላ የምታጠፋበት ምድጃ አልነበራትምና ነው።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። ያ ሁሉ መርዝ የተከማቸው በፋብሪካ ሳይሆን በመንግሥት መጋዘን ነበር። ተቆጣጣሪው ራሱ ባለ ንብረት ነበር። የግብርናው መሥሪያ ቤት መድኃኒቱን ያከፋፍላል፣ ያው መሥሪያ ቤት ይቆጣጠራል፤ ራሱን የሚከስ ደግሞ የለም። ስለዚህ ማከፋፈልና መቆጣጠር በአንድ እጅ መሆን የለባቸውም።

፫ኛ/ ከውጭው ዓለም የተገኘ ትምህርት

ሁለት ምሳሌዎች ብቻ እንጥቀስ። በፈረንጆች አቆጣጠር በታኅሣሥ 1984 በሕንድ አገር በቦፓል ከተማ ከዩኒየን ካርባይድ የፀረ ተባይ ፋብሪካ በሌሊት ያመለጠ ጋዝ በብዙ ሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎችን ገደለ። ከአደጋው ክፉ ገጾች አንዱ በፋብሪካው አጥር ሥር የሚኖረው ሕዝብ ውስጡ ምን እንዳለ አለማወቁ፣ ሐኪሞችም የሚያክሙት ከምን መርዝ እንደ ሆነ በቶሎ ሳይነገራቸው መቅረቱ ነው። በዚህ መነሻነት አሜሪካ በ1986 ባወጣችው ሕግ በየአካባቢው የአደጋ ዕቅድ ኮሚቴ እንዲቋቋምና ሕዝቡም በጎረቤቱ የተከማቸውን የማወቅ መብት እንዲኖረው አደረገች።

ሁለተኛው የቤይሩት ወደብ ነው። 2750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት በወደቡ መጋዘን ስድስት ዓመት ያህል ተቀመጠ። ባለ ሥልጣኖቹ አላወቁም አይባልም፤ የጉምሩክ ሹማምንት በተደጋጋሚ ደብዳቤ ጽፈዋል። ሁሉም ጻፈ፣ ማንም አላነሣም። ነሐሴ 4 ቀን 2020 (በፈረንጆች) ፈነዳ፤ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ ከተማይቱም ፈራረሰች። እንግዲህ ቦፓል ያለማወቅን ጉዳት፣ ቤይሩት ደግሞ እያወቁ የመተውን ጉዳት ያስተምሩናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። በወረዳዎቻችን ለገበሬ የሚታደለው ዩሪያና ኤንፒኤስ የተባለው ማዳበሪያ አሞኒየም ናይትሬት አይደለም። የቤይሩትን ወሬ ሰምቶ የማዳበሪያ መጋዘንን መፍራት ቤንዚኑን ከመናቅ ጋር አንድ ዐይነት ስሕተት ነው። የቁጥጥር መጀመሪያው የሚፈራውን ከማይፈራው መለየት ነው።

፬ኛ/ ሕጉ ምን ይላል?

ሕግ የለም ለማለት አይቻልም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ማንም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል። በአንቀጽ 50ም ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 300/1995 አደገኛ ቆሻሻን ያለ ፈቃድ ማከማቸት፣ ማጓጓዝና ማስወገድን ይከለክላል። የአካባቢ ተቆጣጣሪም ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ገብቶ እንዲመረምር ይፈቅዳል። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ እንዳይሸጥ ያግዳል። የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 1090/2010ም ተጨምሯል።

ችግሩ ሌላ ነው። እነዚህ ሕጎች ሥልጣኑን በመጀመሪያ የሚሰጡት ለፌዴራሉና ለክልሉ መሥሪያ ቤቶች ነው። አዲስ አበባ ያለው መዝጋቢ የትኛው መድኃኒት ወደ አገር ይግባ የሚለውን ሊወስን ይችላል፤ በደጎሎ ገበያ ቀን ክኒኑ በፍሬ እየተቆጠረ ያለ ጽሑፍና ያለ ማሸጊያ ሲሸጥ ግን ሊያይ አይችልም። ያን ሊያይ የሚችለው የወረዳው ሰው ብቻ ነው። በወረዳው ደግሞ ንግድ ጽሕፈት ቤቱ ፈቃድ ይሰጣል፣ ግብርናው ስለ መድኃኒቱ ያውቃል፣ ጤናው የተመረዘውን ያክማል፣ ፖሊስ የተቃጠለውን ይመዘግባል። አራቱም የጉዳዩን አንዳንድ ቁራጭ ይይዛሉ፤ ሙሉውን የያዘ ግን የለም። የቤይሩት በሽታ ይህ ነው፣ መጠኑ አነሰ እንጂ።

በዐዋጅ ቁጥር 300/1995 በአንቀጽ 11 የተጻፈ፣ ብዙ ሰው ያላወቀው አንድ መብት አለ። ማንም ሰው፣ የራሱ ጥቅም መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን በሚጎዳ ሰው ላይ ለባለ ሥልጣኑ ወይም ለክልሉ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መክሰስ ይችላል። ምስሩ የከሰለበት ገበሬ ብቻ ሳይሆን ጎረቤቱም፣ መምህሩም፣ ተማሪውም አቤት ሊል ይችላል ማለት ነው።

፭ኛ/ «ድኾች ነን» ለሚሉ የሚሰጥ መልስ

አንዳንዶች «ወረዳ ለደመወዝ እንኳ የሚበቃ በጀት የለውም፤ ስለ ኬሚካል ቁጥጥር ማውራት ቅንጦት ነው» ይላሉ። ሌሎችም «ጀሪካን ይዞ ቤንዚን የሚቸረችረው ሥራ ያጣ ወጣት ነው፤ ብታሳድዱት ምን ይብላ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሁለቱም ቁም ነገር አላቸው። በተለይም ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት በብዙ ወረዳዎች የመሥሪያ ቤት ሥራ መስተጓጎሉን ማንም ያውቃል።

ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ቁጥጥር ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም፤ አንድ መዝገብና አንድ ኀላፊ ሰው ይበቃዋል። በመዝገቡም አምስት ጥያቄዎች ይመለሱ፦ ምን ዐይነት ዕቃ ነው? ስንት ነው? የት ተቀመጠ? ባለቤቱ ማነው? በሌሊት አደጋ ቢደርስ የሚጠራው ማነው? ቸርቻሪውንም ማሳደድ አያስፈልግም። ማሳደድ ቤንዚኑን ከአደባባይ ወደ መኝታ ክፍል ያስገባዋልና። ይልቁንስ ከመኖሪያና ከምግብ ቤት የራቀ አንድ ቦታ ተሰጥቶት፣ የብረት ዕቃና የአሸዋ ክምር እንዲኖረው ቢደረግ እንጀራውም የሰፈሩም ደኅንነት ይጠበቃል። የነቀዙ ክኒን ግን እንዲህ በልዝብ የሚታይ አይደለም፤ በፍሬ መሸጡ ፈጽሞ መቆም አለበት። በእርሱ ፈንታ አየር የማያስገባው የእህል ከረጢት ቢስፋፋ ነቀዙ ያለ መርዝ በአየር እጦት ይሞታል።

፮ኛ/ የእኛ ድርሻ

ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች እየወጡ አንድ ዓመት ያገለግሉ ነበር። ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ወደ ገጠሩ ወርዷል፤ ደሴና ኮምቦልቻ የወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ቱሉ አውሊያና መካነ ሰላም የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አሏቸው። ስለዚህ ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንመለስ የምንሠራው ሥራ ቅርብ ነው።

የኬሚስትሪ ተማሪ በከተማው የሚሸጡትን ዕቃዎች ዝርዝር ያውጣ፤ የሕግ ተማሪ አንቀጽ 11ን በሚገባ ቋንቋ አስረድቶ የአቤቱታ አጻጻፍ ያሳይ፤ የጤና ተማሪ ጤና ጣቢያው አትሮፒን እንዳለው ይጠይቅ፤ የግብርና ተማሪ የመድኃኒት ጀሪካን ሦስት ጊዜ ታጥቦ፣ እጣቢው ወደ መርጫው ተጨምሮ፣ ጀሪካኑ ተበስቶ ከአገልግሎት ውጭ መሆን እንዳለበት ለቤተ ሰቡ ያስተምር። ከዚያም ያገኘነውን በጽሑፍ ለወረዳው ምክር ቤት እናቅርብ። ምክር ቤቱ በየዓመቱ ስለ መዝገቡ የሚጠይቅ ከሆነ ጽሕፈት ቤቱ መዝገብ መያዙ አይቀርም፤ የማይጠየቅበት ሥራ ግን በሕግ ቢጻፍም አይሠራም።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። የፊንላንዱ ምድጃ በቅጠል ሊሠራ የሚገባው ሥራ ባለመሠራቱ የተከፈለ ዋጋ ነበር። ደጎሎም፣ መካነ ሰላምም፣ ሌሎቹም የወሎ ከተሞች ገና በቅጠሉ ጊዜ ላይ ናቸውና መዝገቡ ዛሬ ይከፈት።