ስለ መንዝ ጓሳ ጠባቂዎች ሥራና ሹማምንት ሊያደርጉላቸው ስለሚገባው እርዳታ

መሬት ሳይታረስ የቀረ እንደ ሆነ ብዙ ሰው ጦም አዳሪ ይለዋል፤ ጥቅም የማይገኝበት መስሎትም ለማረሻ እንዲሰጥ ይመኛል። ይህ አሳብ በብዙ ስፍራ እውነት ቢሆንም በሁሉ ስፍራ እውነት አይደለም። ምንጭ የሚፈልቅበት፣ የቤት ክዳን ሣር የሚበቅልበት፣ በድርቅ ዓመት ከብት የሚሸሽበት ደጋ ባይታረስም ሥራ አልፈታም። እንዲህ ያለው መሬት የሚፈልገው ማረሻ ሳይሆን ጠባቂ ነው። ጠባቂውም ሥራውን በሚገባ ይፈጽም ዘንድ ከበላዩ ያለው ሹም የሥራውን ጠባይ ዐውቆ ሊያግዘው ያስፈልጋል። ለዚህ ጉዳይ ምሳሌ የሚሆን አገር ቢፈለግ የመንዝ ጓሳ የተመረጠ ነው።

የአገሩ አቀማመጥ

ጓሳ በሰሜን ሸዋ በመንዝ ምድር ያለ ደጋ ነው። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ይደርሳል። በምሥራቅ በኩል ወደ ቈላ የሚወርድ ገደል አለው። ከዚህ ደጋ የሚነሣው ውሃ ከፊሉ ወደ አዋሽ፣ ከፊሉም ወደ ዓባይ ይወርዳል። ስለዚህ የጓሳ መጠበቅና መጥፋት የመንዝን ሰው ብቻ ሳይሆን በታች ያለውንም አገር የሚነካ ነገር ነው።

ስሙን ያገኘው ጓሳ ከሚባለው ሣር ነው። ይህ ሣር በየጕቶው እየተቋጠረ የሚያድግ፣ ቅጠሉ ረጅምና ጠንካራ የሆነ ነው። የመንዝ ሰው ቤቱን ይከድንበታል፤ ገመድ ይገምድበታል፤ መጥረጊያና ምንጣፍም ያበጅበታል። ከሣሩ ጋር የሚበቅለው ጨረንፌ የሚባለው ቍጥቋጦ ዛፍ ለሌለው ደገኛ ማገዶው ነው። የሣሩ ጕቶ የዝናቡን ውሃ ይዞ ቀስ በቀስ ወደ ምንጩ ስለሚለቀው፣ ጓሳው የተገፈፈ እንደ ሆነ አስቀድሞ አፈሩ ይታጠባል፤ ቀጥሎም ምንጩ ይደክማል።

በዚሁ ስፍራ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖራሉ። ሁለቱም ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር በዱር አይገኙም። ቀይ ቀበሮ በመላው ኢትዮጵያ የቀረው 500 ያህል ብቻ ነው። ምግቡ ከሁሉ ይልቅ የደጋ አይጥ ነው። በ2007 ዓ.ም. የታተመ በጓሳ የተደረገ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከመቶ ሙከራ 67 ጊዜ ያህል ይቀናዋል፤ ብቻውን ሲያድን ግን የሚቀናው 25 ጊዜ ያህል ነው። ከዚህም የሚታየው ሣሩ፣ አይጡ፣ ጭላዳውና ቀበሮው እርስ በርሳቸው የተያያዙ መሆናቸውን ነው፤ አንዱን ለይቶ ለመጠበቅ አይቻልም።

የቀድሞው የቀሮ ሥርዓት

የመንዝ ሰዎች ጓሳን በሥርዓት መጠበቅ የጀመሩት በ17ኛው መቶ ዓመት እንደ ሆነ ይነገራል። አገሩ አስቦና ጌራ በሚባሉት አባቶች ስም በሁለት ተከፍሎ፣ የእነርሱ ተወላጆች በአጽመ ርስት ደንብ ይጠቀሙበት ነበር። ጥበቃውም ቀሮ ይባል ነበር። ተጠቃሚው ሕዝብ ተሰብስቦ አባ ቀራ የሚባል አለቃ ይመርጣል፤ አባ ቀራውም ጓሳውን ከ3 እስከ 5 ዓመት ድረስ ይዘጋዋል። በተዘጋበት ዘመን ሣር ማጨድ፣ ማገዶ መልቀምና ከብት ማሰማራት ክልክል ነው። ሣሩ ደርሶ ለአጨዳ የበቃ መሆኑ በታወቀ ጊዜ፣ በበጋ ወራት የሚከፈትበት ቀን ለሕዝብ ይነገራል፤ ክረምት ሲገባም ተመልሶ ይዘጋል።

በዚህ ሥርዓት ጠባቂው ሕዝቡ ራሱ ነበር። አባ ቀራው በጠራ ጊዜ ጕልበት ያለው ሰው ሁሉ ወጥቶ ጓሳውን ይዞር ነበር። የቀረ ሰውም ሆነ ደንብ ያፈረሰ ሰው ብርቱ ቅጣት ያገኘው ነበር፤ ቅጣቱም ቤት እስከ ማቃጠል ይደርስ ነበር። ይህን የመሰለ ቅጣት ዛሬ ሕግ አይፈቅደውም፤ ሊመለስም አይገባም። ነገር ግን ሥርዓቱ ለብዙ ዘመን የጸናው በቅጣቱ ብርታት ብቻ እንዳልሆነ ልብ ማለት ያስፈልጋል። የሚጠብቀውና የሚጠቀመው አንድ ሕዝብ ስለ ነበረ፣ አለቃውንም ራሱ ስለ መረጠ፣ ደግሞም ጓሳው የሚከፈትበት ቀን እንደሚመጣ ስለ ታመነ ነው የጸናው። ይከፈታል ተብሎ የማይታመን ነገር ተዘግቶ አይኖርም።

የሥርዓቱ መፍረስና የኮሚቴው መቆም

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ንብረት ያደረገው ዐዋጅ በወጣ ጊዜ የአጽመ ርስቱ መብት ቀረ፤ ቀሮም ከእርሱ ጋር ፈረሰ። ዐዋጁ ከአስቦና ከጌራ ዘር ስላልሆነ ከጓሳ ተከልክሎ ለኖረው ገበሬ እኩል መብት ሰጠው፤ ይህ ቀድሞ የነበረውን በደል ያስቀረ ትልቅ ነገር ነው። ጕዳቱ የመጣው አሮጌው ጥበቃ ሲቀር በስፍራው አዲስ ጥበቃ ወዲያው ስላልተተካ ነው። መብት ለሁሉ ሲሰጥ ግዴታው ለማንም ሳይሰጥ ቀረ። ስለዚህም ሰው ሁሉ ጎረቤቱ ሳይቀድመው ለማጨድ ተሽቀዳደመ፤ ጓሳውም ሳያርፍ ተጐዳ።

ሕዝቡ ግን ጕዳቱን አይቶ ዝም አላለም። ከየቀበሌው የተወከሉ ሰዎች ያሉበት የጓሳ ኮሚቴ አቋቁሞ የመዝጋትና የመክፈት ልማዱን ለአዲሱ ዘመን በሚስማማ መንገድ መለሰው። ኋላም የክልሉ መንግሥት ጓሳን በሕዝብ የሚጠበቅ ስፍራ አድርጎ በሕግ አጸናው። ስለዚህ ዛሬ የጓሳ ጥበቃ በሁለት እግር የቆመ ነው፤ አንዱ የሕዝቡ ስምምነት ነው፤ ሁለተኛውም የመንግሥት ሕግ ነው። ከሁለቱ አንዱ የላላ እንደ ሆነ ሌላው ብቻውን ሸክሙን ሊችለው አይችልም።

የሠራተኞቹ ዐይነትና ሥራቸው

በጥበቃው ያሉት ሰዎች ሥራቸው ልዩ ልዩ ነው። የኮሚቴው ሰዎች ስለ መክፈቻው ቀን ይመክራሉ፤ በቀበሌና በቀበሌ መካከል የተነሣውን ክርክር ያስታርቃሉ። ጠባቂዎቹ ከዚያው አገር ሕዝብ የተመረጡ ናቸው፤ በብርድና በጉም ጓሳውን እየዞሩ በስርቆት የሚያጭደውን ይይዛሉ፤ ተሰማርቶ የተገኘውን ከብት ያስወጣሉ፤ በበጋ የእሳት ጢስ ያዩ እንደ ሆነ ፈጥነው ይጣራሉ፤ ያዩትን አውሬም ቍጥሩንና ስፍራውን ያስታውቃሉ። የጭላዳና የቀይ ቀበሮ ተመራማሪዎችም የእንስሳቱን ኑሮ ይከታተላሉ። ለእንግዶች በተሠራው የሕዝብ ማረፊያ ቤት የሚያገለግሉና መንገድ የሚመሩ ሰዎችም አሉ፤ እነዚህ ጓሳው ሳይታረስ ገንዘብ ሊያስገኝ እንደሚችል በሥራቸው ያሳያሉ።

ከዚህ ሌላ የውሾችን ክትባት የሚያካሂዱ ሰዎች አሉ። የእረኛ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ የያዘው እንደ ሆነ በሽታውን ወደ ቀይ ቀበሮ ያስተላልፋል። በባሌ ተራሮች በሽታው በ1984፣ በ1996ና በ2001 ዓ.ም. ተነሥቶ ብዙ ቀበሮ ፈጅቷል። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው በባሌ ቀበሮዎቹ በምግብ ውስጥ ተደርጎ የሚሰጣቸውን ክትባት እንዲበሉ ማድረግ ተጀመረ። ይህ ቢሆንም የውሾቹ ክትባት አልቀረም፤ ውሻውን መከተብ ቀበሮውን ብቻ ሳይሆን የገበሬውን ልጅና ከብቱንም ከዚያው ሞት ያድናልና።

የጠባቂው ችግር

ከእነዚህ ሁሉ ሥራው የከበደበት ጠባቂው ነው። ችግሩም ብርዱና ዳገቱ ብቻ አይደለም። ጠባቂው የአገሩ ተወላጅ ስለ ሆነ በሌሊት ማጭድ ይዞ የሚያገኘው ሰው ባዕድ አይደለም፤ ጎረቤቱ ወይም የዕድሩ አባል፣ አንዳንድ ጊዜም ዘመዱ ነው። ያንን ሰው ይዞ ከከሰሰ በኋላ በለቅሶና በሠርግ ቤት አብሮት ይቀመጣል። ከዚህም በላይ የተያዘው ሰው ብዙ ጊዜ ድኻ ነው፤ ቤቱ ያፈሰሰበት ወይም ማገዶ ያጣ ነው። ጠባቂው ይህን ሁሉ እያወቀ ሕጉን ሲያስከብር ከጎረቤቶቹ ጋር ያለውን ፍቅር አሳልፎ ይሰጣል።

እንግዲህ ጠባቂው በዚህ ሁኔታ ይዞ ያመጣውን ሰው ሹሙ በአማላጅ ቢለቀው የሚሆነውን ማስተዋል ነው። የተለቀቀው አንድ ሸክም ሣር የሰረቀ ሰው ብቻ አይደለም። ያን ቀን የጠባቂው ቃል ዋጋ ያጣል፤ በማግስቱም ዐሥር ሰው ማጭዱን ስሎ ይወጣል። ጠባቂውም በከንቱ ጠላት ከማፍራት አይቶ እንዳላየ ማለፍን ይመርጣል። ሹሙ ራሱ ከዳሩ ጥቂት ጋሻ መሬት ቈርሶ ለወዳጁ እንዲታረስ የፈቀደ እንደ ሆነ ደግሞ ጕዳቱ የባሰ ነው። ትልቁ ሰው በማረሻ ሲወስድ ድኻው በማጭድ እንዳይወስድ ለመከልከል የሚደፍር ጠባቂ አይገኝም፤ ቢደፍርም ሰሚ የለውም።

ከሹማምንትና መሬት ከያዙ ሰዎች የሚፈለገው

ከዚህ በላይ ከተነገረው የሚወጣው ትምህርት ለመንዝ ብቻ አይደለም። ጫካ፣ ግጦሽ ወይም የምንጭ ራስ በሕዝብ በሚጠበቅበት አገር ሁሉ የሚከተለውን መፈጸም ይገባል።

1ኛ፤ የሚጠበቀው ስፍራ ወሰን በሽማግሌዎች ፊት ተለይቶ በምልክት ይታወቅ። ወሰኑ ያልታወቀ መሬት በየዓመቱ በአንድ ትልም እየተገፋ ያልቃል።

2ኛ፤ ጠባቂ የሚመረጠው በሕዝብ ጉባኤ፣ በእውነተኛነቱ የተመሰከረለት ይሁን። የሹም ዘመድ ስለ ሆነ ብቻ የተሾመ ጠባቂ በሕዝብ ዘንድ አይከበርም።

3ኛ፤ የጠባቂው ደመወዝ በጊዜው ይከፈለው፤ የብርድ ልብስና ጫማም አይጕደልበት። ደመወዙ የዘገየበት ጠባቂ ልጆቹን የሚመግበው ከሚጠብቀው ነገር ወስዶ ነው።

4ኛ፤ ጠባቂው ያቀረበው ክስ ሳይዘገይ ይሰማ። የተፈረደው መቀጫ በደረሰኝ ይግባ፤ የገባውም ገንዘብ ለምን እንደ ዋለ ለሕዝቡ ይነገር። ጠባቂው ራሱ ሕዝብን የበደለ ወይም መማለጃ የተቀበለ ሆኖ ቢገኝ ደግሞ እንደ ማንኛውም ሰው ይፈረድበት።

5ኛ፤ የመክፈቻው ቀን የተቈረጠ ይሁን፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅና በገበያ ይነገር። በአጨዳው ጊዜ መበለቶች፣ ሽማግሎችና ጕልበት የሌላቸው ሰዎች ድርሻቸውን እንዳያጡ ኮሚቴው ይጠንቀቅ። ድኻው በቀን ብርሃን የሚያገኝበት መንገድ ካለው በሌሊት ለመስረቅ ምክንያት ያጣል።

6ኛ፤ በዙሪያው ባሉ ቀበሌዎች ያሉ ውሾች ቍጥራቸው ይታወቅ፤ የክትባት ቀን ሲደርስም ባለቤቶቹ እንዲያመጧቸው ይታዘዝ።

7ኛ፤ በበጋ ወራት እሳት የተነሣ እንደ ሆነ ማን እንደሚጠራ፣ ከየትኛው መንደር ስንት ሰው እንደሚወጣ አስቀድሞ ይወሰን። እሳት ከተነሣ በኋላ የሚደረግ ምክር ከእሳቱ በኋላ ይደርሳል።

ከእነዚህ ሰባት ነገሮች ብዙ ወጪ የሚጠይቀው ጥቂቱ ነው። የሚበልጠው ክፍል የሹሙን ትጋትና ለእውነት ማድላት ብቻ ይፈልጋል። የመንዝ አባቶች የጽሕፈት ቤትና የደመወዝ መዝገብ ሳይኖራቸው ጓሳውን ለብዙ ትውልድ አቆይተዋል፤ ዛሬ ሕግና መዝገብ ያለው ሹም ከእነርሱ ያነሰ ሊሠራ አይገባውም።

ሹም ወደ እንዲህ ያለ ስፍራ በሄደ ጊዜ ሣሩንና አውሬውን አይቶ ብቻ አይመለስ። ጠባቂውን ጠርቶ ያለፈው ወር ደመወዝ ደርሶት እንደ ሆነ፣ ያቀረበው ክስ ተሰምቶለት እንደ ሆነ፣ ወሰን የገፋበት ሰው እንዳለ ይጠይቀው። የሚሰጠው መልስ ጓሳው ከጥቂት ዓመት በኋላ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ያስታውቀዋል።