ኦፐሬቲንግ ሲስተምን ወደ አዲስ ዲስክ ስለ ማዛወር

በጅማና በአጋሮ ቡና ተካይ ችግኙን ከመደቡ ሲያዛውር ከነሥሩና ከነአፈሩ ያነሣዋል፤ ቅጠሉን ብቻ ቢወስድ አይጸድቅምና። የኮምፒዩተርም ነገር እንዲሁ ነው። አሮጌው ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ሳሕን ስላለው ይዘገያል፤ ኤስ ኤስ ዲ የተባለው ግን የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ይፈጥናል። ነገር ግን ፋይሎችን ብቻ መገልበጥ ኮምፒዩተሩን አያስነሣውም፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ከማስነሻ ክፍሉ ጋራ በሙሉ ይገለበጣል።

ስለዚህ አስቀድሞ የትምህርት ቤቱ መዝገብ በፍላሽ ይቀመጥ። ቀጥሎም ምንጩና መድረሻው ተለይተው ይታወቁ፤ ባዶው ዲስክ በሙሉው ላይ ቢገለበጥ የተማሪዎች ውጤት ሁሉ ይጠፋልና። ሥራው ሳይፈጸም መብራት ቢጠፋ ግልባጩ ይበላሻልና የላፕቶፑ ባትሪ አስቀድሞ ይሙላ። ከዚያም ኮምፒዩተሩ ተዘግቶ ዲስኩ ይለወጥ። በአዲሱ መነሣቱ እስኪረጋገጥ ድረስ አሮጌው አይደምሰስ።