ልቡና እና «ዕውቀት» የተባለው ዕውቀት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሊቃውንቶቻችን ስለ ነፍስ ሲያስተምሩ ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ናት ይላሉ። ታስተውላለች፣ ትናገራለች፣ ሕይወት አላት ማለት ነው። በምሥጢረ ሥላሴ ትምህርት ልብ፣ ቃል፣ እስትንፋስ እየተባለ በምሳሌነት የሚነገረውም ይኸው ነው። እዚህ ላይ ልብ የተባለው ማስተዋል ነው። በአማርኛችንም «ልብ በል»፣ «ልባም ሰው» ስንል ይህንኑ ማለታችን ነው። እንግዲህ ልቡና ለተማረውም ላልተማረውም ከተፈጥሮው የተሰጠ ነው፤ ነፍስ ያለው ሰው ሁሉ አለው።

ግኖስቲኮች ግን እንዲህ አላሉም። ስማቸው «ግኖሲስ» ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ዕውቀት ነው። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሮም ያስተማረው የቫለንቲኖስ ተከታዮች ሰውን ለሦስት ይከፍሉ ነበር፤ መንፈሳውያን፣ ነፍሳውያን፣ ምድራውያን እያሉ። መንፈሳዊው በተፈጥሮው ይድናል፣ ምድራዊው ምንም ቢያደርግ ይጠፋል፣ ተራው ክርስቲያን ደግሞ በእምነትና በሥራ ቢጸና ዝቅ ያለ ዕረፍት ያገኛል። ራሳቸውን የቱ ላይ እንዳስቀመጡ መገመት አያስቸግርም!

ከዚህ የከፋው ስለ ፈጣሪ የሚሉት ነው። ዓለምን የሠራው ከበላዩ ያለውን የማያውቅ አላዋቂ ሠሪ ነው ይላሉ። ስለዚህ ሥጋ እስር ቤት፣ መዳንም ከየት እንደመጡ ማወቅ ብቻ ሆነ። ታዲያ የጌታ ሥጋ መልበስ ለምን ይጠቅማል? ብዙዎቹ «የለበሰ መሰለ እንጂ አልለበሰም» እስከ ማለት ደረሱ። ወንጌላዊው ዮሐንስ ይህን በር አስቀድሞ ዘግቶታል (1ዮሐ. 4፥2-3)። ቅዱስ ጳውሎስም ጢሞቴዎስን በሐሰት ዕውቀት ከተባለው ነገር እንዲርቅ መክሮታል (1ጢሞ. 6፥20)። በልጅነቱ ቅዱስ ፖሊካርፐስን የሰማው ቅዱስ ሄሬኔዎስ እ.ኤ.አ. በ180 ገደማ 5 መጻሕፍት ሲጽፍባቸው ይህንኑ የሐዋርያውን አነጋገር ለርእሱ ወስዷል።

እ.ኤ.አ. በ1945 በላይኛው ግብፅ፣ ናግ ሐማዲ አጠገብ፣ ገበሬዎች በገንቦ ውስጥ 13 የቅብጥ ጥራዞች አገኙ። አብዛኛው ጽሑፍ የግኖስቲኮች ነበር። ይህን ይዘው «ቤተ ክርስቲያን የደበቀችው ምሥጢር» የሚሉ አሉ። ምኑ ተደብቆ! ጥራዞቹ ከመገኘታቸው ከ1,700 ዓመታት በላይ ቀድሞ ሄሬኔዎስ ትምህርታቸውን አንድ በአንድ ጽፎ አስነብቧል።

ቤተ ክርስቲያን ዕውቀትን ትጠላለች ማለት አይደለም። የእስክንድርያው ቀሌምንጦስ ፍጹም የሆነውን ክርስቲያን «እውነተኛው ግኖስቲክ» ብሎ ስሙን ከመናፍቃኑ እጅ ቀምቷቸዋል። ልዩነቱ እርሱ ዕውቀትን በእምነት ላይ መሥራቱ፣ በፍቅርም መፈጸሙ ነው።

ይህ ነገር ከጾማችን ጋር ምን ያገናኘዋል? በጣም ያገናኘዋል። የሳቱርኒኖስ ተከታዮች ሥጋ ከመብላትና ከጋብቻ ይርቁ ነበር፤ የፈጣሪን ሥራ ንቀው። እኛ ግን ሥጋና ቅቤ ርኩስ ስለሆነ አይደለም የምንጾመው። ርኩስ ቢሆንማ በትንሣኤ ሌሊት ባልፈሰክንበት ነበር። ዐቢይ ጾምን የምንጀምረው በዘወረደ ነው፤ ወርዶ ሥጋችንን የተዋሐደውን እያሰብን። ዛሬ አንዳንድ የተማረ ልጅ እናቱን «እማዬ፣ አንቺ ምን ገብቶሽ ነው የምትጾሚው?» ይላታል። ሳያውቀው የቫለንቲኖስን ሦስት ክፍል ቤቱ አስገብቶ እናቱን ከታች አስቀመጣት። እርሷ ግን በባዶ ሆድ ቆማ ታስቀድሳለች፣ ትቆርባለች፣ ምሳዋን ለነዳይ ትሰጣለች። ለባዊት ነፍስ ይህቺ ካልሆነች የማን ልትሆን ነው?

ሰባተኛው ሰንበት የኒቆዲሞስ ነው። የእስራኤል መምህር ነበር፤ በሌሊት መጥቶ ጠየቀ። ጌታም የተሰወረ ዕውቀት ሹክ አላለውም፤ ከውኃና ከመንፈስ መወለድን ነገረው (ዮሐ. 3፥5)። ውኃ! ግኖስቲክ የሚንቀው፣ በእጅ የሚዳሰሰው። ለመምህሩ ይህ ወዲያው አልገባውም። በዕለተ ዓርብ ግን ከርቤና እሬት 100 ንጥር ያህል ይዞ መጣ፤ ከዮሴፍ ጋር ሆኖም ያንን ቅዱስ ሥጋ በገዛ እጁ ገነዘ (ዮሐ. 19፥39-40)።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።