ካርታ ላይ ላስይዝ ወይስ ይቅርብኝ? ከመቀመጣችሁ በፊት ይቺን አንብቡ



የቡና ወቅት ሲደርስ በውስጥ መስመር ከሚመጡልኝ ጥያቄዎች አንዱ ይሄ ነው፦ «ዶክተር፣ ከጓደኞቼ ጋር ካርታ በብር እንጫወታለን። የምናስይዘው ትንሽ ነው። ችግር አለው እንዴ?» የጤና ጥያቄ አይመስልም አይደል? ግን ነው።

እኛ ጌዴኦ ውስጥ ብር የሚገባው በየወሩ አይደለም። ይርጋጨፌ፣ ወናጎ፣ ኮቸሬ፣ ገደብ ያለው ገበሬ እሸት ቡናውን ለቅሞ ሲሸጥ የዓመቱን ገቢ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያገኛል። ያ ብር የልጆች ደብተር ነው፣ የሐኪም ቤት ወጪ ነው፣ እስከሚቀጥለው ለቀማ የሚያደርስ ቀለብ ነው። ዲላ ከተማ ላይ ካርታ የሚደምቀውም ይሄው ብር ኪስ ሲገባ ነው።

👉 በመጀመሪያ ሂሳቡን እንይ

አራት ሰው በየዙሩ 100 ብር ያስይዛል እንበል። መሀል ላይ 400 ብር አለ። የቤቱ ባለቤት ከየዙሩ 20 ብር ይቆርጣል። አንድ ማታ 40 ዙር ቢጫወቱ 800 ብር ከጠረጴዛው ወጥቶ ሄዷል ማለት ነው። በአማካይ እያንዳንዱ ሰው 200 ብር ከፍሏል። አንዱ «በላሁ» ብሎ ቢነሳ እንኳን የበላው የጓደኞቹን ነው፤ አራቱ በድምሩ ግን ከስረዋል። ቆራጭ የሌለበት ጨዋታም ቢሆን አዲስ ብር አይፈጠርም፣ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ይዞራል እንጂ። «እኔ እኮ እችልበታለሁ» የሚል ካለ ደግሞ፣ ሌሎቹ ሦስቱም እንደዚያው ብለው ነው የተቀመጡት።

👉 አእምሯችን ለምን ይሸወዳል?

አንደኛ፣ «አምስት ጊዜ ተበላሁ፣ አሁን የኔ ተራ ነው» እንላለን። እ.ኤ.አ. በ1913 ሞንቴ ካርሎ በሚገኝ የቁማር ቤት የሩሌት ኳስ በተከታታይ 26 ጊዜ ጥቁር ላይ አረፈች። ሰዉ «አሁንማ ቀይ ነው» እያለ ያለውን ሁሉ አስይዞ ብዙ ብር አጣ። ኳሷ ያለፈውን አታስታውስም። እንደገና የተበወዘ ካርታም አያስታውስም።

ሁለተኛ፣ ዶፓሚን። ይሄ በአእምሯችን ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር ደስ የሚል ነገር ስናገኝ ብቻ ሳይሆን «ይመጣ ይሆን?» ብለን ስንጠብቅም ይጨምራል። ለትንሽ ያመለጠን ድል ደግሞ እንደ ሽንፈት አይሰማንም፣ «ድገም፣ ድገም» ያስብላል። የሚገርማችሁ፣ ለፓርኪንሰን በሽታ የሚታዘዙ እንደ ፕራሚፔክሶል ያሉ ዶፓሚንን የሚተኩ መድኃኒቶች ቆምረው የማያውቁ አንዳንድ ሰዎችን ቁማርተኛ ሲያደርጉ ታይቷል። ስለዚህ ጉዳዩ የጸባይ ብልሽት ብቻ አይደለም።

👉 ጨዋታው በሽታ የሚሆነው መቼ ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባው የቁማር ሱስን ከሱስ ሕመሞች ጋር አስቀምጦታል። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፦ መቆጣጠር አለመቻል፣ ቁማሩን ከሥራና ከቤተሰብ ማስቀደም፣ ጉዳቱ እየታየም መቀጠል።

ራሳችሁን ለመፈተሽ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች መልሱ፦
1. የምታስይዙትን ብር ከጊዜ ወደ ጊዜ መጨመር አስፈልጓችሁ ያውቃል?
2. ስንት እንደተበላችሁ ለምትወዱት ሰው ዋሽታችሁ ታውቃላችሁ?

አንዱን እንኳን «አዎ» ካላችሁ ከባለሙያ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። ተመላላሽ ክፍል «እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ጨጓራዬን አመመኝ» ብሎ የሚመጣ ሰው ቁማሩን አይነግረንም። ስንጠይቀው ነው ዕዳው የሚወጣው።

👉 ታዲያ ላስይዝ ወይስ ይቅር?

የኔ ምክር፦ ካርታውን ተጫወቱ፣ ብሩን ግን ተዉት። ለሻይ ሒሳብ ተጫወቱ፣ ያም ይበቃል።

«አይ ዶክተር፣ እኔ ማስያዜ አይቀርም» ለምትሉ ደግሞ ውሳኔውን ቤት ጨርሳችሁ ውጡ። አንድ ጊዜ ከተበላችሁ በኋላ የሚወስነው «ላስመልስ» የሚለው ስሜት ነው።

✅ ቢጠፋ ማንንም የማይጎዳ ብር ብቻ ያዙ፤ እሱ ሲያልቅ ተነሱ።
✅ የቡናውን ብር ባንክ አስገቡ ወይም ለባለቤታችሁ፣ ለእናታችሁ አስቀምጡ። ቴሌብር ያለበትን ስልክ ይዛችሁ አትቀመጡ።
❌ በብድር፣ በአራጣ፣ በአደራ ብር በፍጹም አታስይዙ።
❌ መጠጥ ጠጥታችሁ ወይም ጫት ቅማችሁ አትወስኑ።
❌ የተበላችሁትን ለማስመለስ አትመለሱ። አምሮቱ ሲመጣ ግማሽ ሰዓት ወጣ ብላችሁ ተራመዱ፤ ብዙ ጊዜ በርዶ ያልፋል።

👉 ለቤተሰብ

ስድብና እርግማን ሰውየውን ይበልጥ ያስደብቀዋል። ዕዳውን ዝም ብሎ መክፈልም ቀጣዩን ዙር መክፈል ነው። ገንዘቡን ሌላ ሰው ይያዝለት፣ እናንተ ደግሞ ወደ ሕክምና ይዛችሁት ሂዱ። ሕክምና አለው! አስተሳሰብና ባህርይ ላይ የሚሠራ የንግግር ሕክምና ጥሩ ውጤት እንዳለው ታውቋል። ዲላ ያላችሁ የዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልን የአእምሮ ሕክምና ክፍል፣ አዲስ አበባ ያላችሁ አማኑኤል ሆስፒታልን መጠየቅ ትችላላችሁ።

⚠️ ዕዳ ያለበት ሰው «ከዚህስ መሞት ይሻለኛል» ካለ ቀልድ ነው ብላችሁ አትለፉት። የቁማር ሱስ ያለባቸው ሰዎች ራሳቸውን የማጥፋት አደጋቸው ከፍተኛ ነው። ብቻውን አትተዉት፣ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ድንገተኛ ክፍል ዛሬውኑ ውሰዱት።

ካርታ ላይ ለሚያመሽ ወንድማችሁ ወይም ጓደኛችሁ ይሄን ጽሑፍ ላኩለት። ጥያቄ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ስማችሁን ለማንም አልናገርም።