መጀመሪያ አለቃቸውን ፈልጊ

ቆይ፣ ማመልከቻውን ገና አታስገቢው። እስቲ ከኋላሽ ሆኜ ላንብበው። «ቅድመ አያቴ በጣልያን ወረራ ጊዜ አርበኛ ስለነበሩ የውትድርና ማስረጃቸው ተፈልጎ ይሰጠኝ» ብለሻል። ሐሳብሽ ደግ ነው፤ ግን ይህን ይዘሽ ከፍኖተ ሰላም አዲስ አበባ ድረስ ብትሄጂ መዝገብ ቤት የተቀመጠው ሰው ምኑን ይዞ ይፈልግልሽ? የሰጠሽው ስምና የአባት ስም ብቻ ነው። በቡሬና በደምበጫ መካከል በዚያው ስም የሚጠራ ስንት ሰው ነበር!

ነገሩ እንዲህ ነው፣ እህቴ። ቅድመ አያትሽ ደመወዝና መለያ ቁጥር ያላቸው ወታደር አልነበሩም። ጠመንጃቸውንና ስንቃቸውን ይዘው ከቤታቸው የወጡ ባላገር ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ወረቀት ላይ ከሰፈረ የሚሰፍረው በአለቃው ሥር ነው፤ «እገሌ ከነተከታዮቹ» ተብሎ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለብሽ የማን ጦር እንደነበሩ ነው። በስማቸው ብቻ ዓመቱን ሙሉ ብትመላለሺ ድካም ነው የሚተርፍሽ።

ቀጥሎ ዘመቻውን ለዪ። «በጣልያን ጊዜ» ሲሉሽ ሦስት የተለያየ ዘመን ሊሆን ይችላል። አንደኛው 1928 ነው፤ ጎጃምን ይገዙ የነበሩት ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ የጎጃምን ጦር ወደ ሰሜን አዝምተው በየካቲት ሽሬ ላይ ተዋግተዋል። ሁለተኛው 1930 ነው፤ ጣልያን መሣሪያህን አስረክብ ሲለው ጎጃሜው በየቀዬው ተነሣ። በቡሬ በኩል ነጋሽ በዛብህ፣ በዳንግላ በኩል መንገሻ ጀምበሬ፣ በቢቸና በኩል በላይ ዘለቀ የየራሳቸውን ጦር ይመሩ ነበር። ሦስተኛው 1933 ነው፤ ጃንሆይ ጥር 12 ቀን በኦሜድላ ገቡ፣ በእንግሊዛዊው መኮንን በዊንጌት የሚመራው የጌዲዮን ጦርና አርበኛው እየገፉ ሲመጡ ጣልያን በየካቲት መጨረሻ ቡሬን ለቀቀ፣ ሲሸሽም ደምበጫ አጠገብ ብርቱ ውጊያ ሆነ፣ መጋቢት 28 ቀን ንጉሡ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ሽማግሌ ዓመተ ምሕረት ቆጥሮ አይነግርሽም፤ «ጣልያን በገባ በዓመቱ»፣ «ጃንሆይ በቡሬ ሲያልፉ» ነው የሚልሽ። ያንን ወደ ዓመት የምትመልሺው አንቺ ነሽ።

አሁን ወደ ሰዎቹ ሂጂ። አርበኞቹ ራሳቸው አልፈዋል ማለት ይቻላል፤ ልጆቻቸው ግን አሉ። በተለይ በርስት ክርክር መካከል ያደጉትን ፈልጊ። በዳሞት አገር ሰው ርስት የሚያገኘው መጀመሪያ አገሩን እስካቀናው አባት ድረስ ትውልዱን ቆጥሮ ነበር፤ የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው የመሬት አዋጅ ያንን ክርክር ዘጋው። አባቱ ሲሟገት እያዳመጠ ያደገ ልጅ ዛሬ አዛውንት ነው። ሰባት ትውልድ ሳያደናቅፍ የሚቆጥርልሽ እሱ ነውና ለመጪው ክረምት አታሳድሪው።

ስትጠይቂ «አርበኛ ነበሩ ወይ?» አትበዪ። ማን አልነበሩም ይልሻል? «አባባ፣ ጠመንጃቸው ምን ነበር? ውጅግራ ነው ምንሽር? ከየት አገኙት? ከማን ጋር ወጡ? ስንቅ ማን ያቀብላቸው ነበር? ቤታቸው ተቃጥሎ ነበር?» ብለሽ ጠይቂ። ጠመንጃው ከተነሣ የተማረከበት ቦታ ይነሣል፤ ቦታው ከተነሣ አብሮ የነበረው ሰው ይነሣል፤ ከዚያ አለቃው ይመጣል። ሴቶቹን እንዳትረሺ። ስንቅ ያቀበለችው፣ ወሬ ያደረሰችው፣ ቁስለኛ የደበቀችው የዚያን ቀን ነገር ከወንዱ አስበልጣ ለልጇ ነግራለች። የውስጥ አርበኛ የሆነ ዘመድ ካለም፣ ማለት ጣልያን ከያዘው ከተማ ሆኖ ለዱሩ ወሬና ጥይት ያቀበለ፣ የእሱም ታሪክ ለብቻው ይጻፋል።

ፉከራቸውን የሚያውቅ ሰው ካገኘሽ በስልክሽ ቅጂው። ፉካሪ የአባቱን ስም፣ የጌታውን ስም፣ የዋለበትን ሜዳ ይጠራል፤ በሐዘን ጊዜ የወጣው ሙሾም እንዲሁ። የፈረስ ስማቸውንና የክርስትና ስማቸውንም ጠይቂ። የፈረስ ስም ትንሽ ነገር አይምሰልሽ፤ ኮሪያ የዘመተው ሻለቃ እንኳ «ቃኘው» የተባለው በራስ መኰንን የፈረስ ስም ነው። ሰው በጦር ሜዳ የሚታወቀው በአንድ ስም፣ በቤተ ክርስቲያን ፍትሐት የሚታሰበው በሌላ ስም ነው። ሁለቱን ካልያዝሽ አንዱን ሰው ሁለት አድርገሽ ትጽፊያለሽ።

ከዚያ ሳጥኑን አስከፍቺ። የአርበኝነት ሜዳይ፣ የምስክር ወረቀት፣ የግብር ደረሰኝ፣ የድሮ ደብዳቤ ካለ ከፊትም ከጀርባም ፎቶ አንሺ። ጀርባው ላይ ያለው ማኅተምና የእጅ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ከፊቱ ይበልጣል። «ደቡብ አገር መሬት ነበራቸው» የሚል ወሬ ከሰማሽ ዝም ብለሽ አትለፊው። ከነጻነት በኋላ መንግሥት ለአርበኞች መሬት ሰጥቷል፤ ብዙ ጊዜም ጋሻ መሬቱ ከትውልድ አገራቸው ርቆ ነበር። የመሬት ስጦታ ደግሞ ወረቀት አለው፤ ወረቀቱም ለምን እንደተሰጠ ይናገራል።

አዲስ አበባ የምትሄጂው ይህን ሁሉ ይዘሽ ነው። መጀመሪያ አርበኞች ማኅበር ሂጂ፤ የአለቃቸውን ስም አስቀድመሽ ተናገሪ። ቀጥሎ ወመዘክር፣ የድሮ ጋዜጦችና መዛግብት ያሉበት። አዲስ ዘመን ጋዜጣ መውጣት የጀመረው በ1933፣ ነጻነት በተመለሰ በወራት ውስጥ ነው፤ ስለ ሹመትና ስለ ሽልማት የወጣ ዜና ካለ ከዚያ ትጀምሪያለሽ። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትም አለልሽ። እዚያ ስለ ጎጃም ተጋድሎ የተጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎችን አስወጪ። ዋናውን ትረካ ኋላ ታነቢዋለሽ፤ በመጀመሪያ መጨረሻው ላይ ያለውን የመረጃ ሰጪዎች ዝርዝር እዪ። ተማሪው የዛሬ ሠላሳና አርባ ዓመት ቀበሌ ለቀበሌ ዞሮ ያነጋገራቸው አዛውንት ስማቸው፣ ዕድሜያቸውና ቦታቸው ተጽፎ ይገኛል። አንዱ የአያትሽ ጎረቤት ሊሆን ይችላል።

የውጭው መዝገብም አለ። ለንደን ዘመድ ካለሽ ኪው ወደሚገኘው የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ትሂድልሽ፤ የ1933ቱ ዘመቻ የጦር ውሎ ማስታወሻዎች እዚያ ናቸው። በነሐሴ 1932 ጎጃም የገባው የኮሎኔል ሳንድፎርድ ቡድን ከነመንገሻና ከነነጋሽ ጋር ሠርቷልና የአለቆቹ ስም ይገኝበታል። የተራው አርበኛ ስም ግን እምብዛም አይገኝም፤ አለቃውን አስቀድሚ ያልኩሽ ለዚህ ጭምር ነው። የጣልያኖቹ ወረቀት ሮም፣ የጦር ሠራዊቱ የታሪክ ቢሮ ውስጥ ነው። እዚያ ዓመቱን ተጠንቀቂ፤ ፋሺስቶቹ ከራሳቸው ሥልጣን መያዝ ጀምረው ይቆጥሩ ነበር። በሮማውያን ቁጥር 14ኛ ዓመት የተባለው ከጥቅምት 1928 እስከ ጥቅምት 1929 ያለው ነው።

ቅድመ አያትሽ በኋላ ክቡር ዘበኛ ገብተው ኮሪያ ዘምተው ከሆነማ መንገዱ ይቀላል። ከ1943 ጀምሮ የሄዱት የቃኘው ሻለቃዎች መደበኛ ሠራዊት ነበሩ፤ ማዕረግና ሻምበል አላቸው። ከ6,000 በላይ ዘመቱ፣ ከ120 በላይ ወደቁ፣ አንድም አልተማረከም። አዲስ አበባ የኮሪያ ዘማቾች ማኅበር አለ፤ በየትኛው ዙር እንደሄዱ ብቻ አረጋግጠሽ ሂጂ።

አሁን ከበድ ያለውን ልንገርሽ። ፍለጋው ያልጠበቅሽውን ሊያመጣ ይችላል። ቅድመ አያትሽ ለተወሰነ ጊዜ ባንዳ ሆነው ሊገኙ ይችላሉ። ጎጃም ውስጥ በግድ የተመለመለ ነበር፤ ጌታው ሲገባ አብሮ የገባ ነበር፤ ቂም ወስዶት የገባም ነበር፤ በ1933 ደግሞ ጠመንጃውን ይዞ ወደ አርበኛው የዞረ ብዙ ነው። ያገኘሽውን እንዳለ ጻፊው። ዝም ያልሽውን ጎረቤት ይነግርልሻል፤ ያሳመርሽውን ደግሞ ልጆችሽ ሲደርሱበት የቀረውንም እውነት አያምኑሽም። አንድ ሰው ሁለቱንም ሆኖ ያለፈ ከሆነ፣ ሁለቱም ታሪኩ ነው።

በመጨረሻ ሥራሽን በወረቀት ደምድሚው። ማን ነገረሽ፣ መቼ፣ የት ቀበሌ፣ የነጋሪው አባት ከቅድመ አያትሽ ጋር ዘምተው ነበር ወይስ ሲወራ ነው የሰሙት፣ ይህን ከእያንዳንዱ ቃል አጠገብ አስፍሪ። አብረዋቸው የዘመቱትን ስም ሁሉ ጨምሪ፤ የአንቺ ዘመድ ባይሆኑም። ኮፒውን ለየቤተሰቡ ስጪ፣ አንዱን ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አስቀምጪ። ከእነዚያ ስሞች የአንዱ ልጅ ልጅ ነገ የማን ጦር እንደነበሩ ጨንቋት ስትነሣ፣ ካንቺ ወረቀት ትጀምራለች።